በአንድ እሁድ ሦስት የመኪና ውድድር፦ የኢንዲያናፖሊስ የጉዞ ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017

ከኮሎምበስ የወጣነው ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ነው። ሰዓቱን በእኛው አቆጣጠር ነው የምጽፈው። አሜሪካ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ሰዓት ግን አሁንም የአዲስ አበባ ነው። አብሮኝ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ቤት ውስጥ ማሙሽ እንለዋለን። ሃያ ስድስት ዓመት ሞልቶት፣ ጺም አብቅሎም ማሙሽ ነው።

እኔ ትራክ ሾፌር ነኝ። ኢንተርስቴት 70ን እንደ ቤቴ በረንዳ አውቀዋለሁ። ዴይተንን ታልፋለህ፣ ሪችመንድ ላይ ኢንዲያና ትገባለህ፣ ሦስት ሰዓት ግድም ነው። ዛሬ ግን በቤት መኪና፣ ያለ ጭነት፣ ያለ ዲስፓቸር ስልክ ነው የምሄደው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

ጉዞውን ያመጣው ክርክር ነው። ማሙሽ የፎርሙላ ዋን ሰው ነው። ሾፌሩ ሉዊስ ሃሚልተን ፌራሪ ቡድን ከገባ ወዲህ ቀዩን የፌራሪ ኮፍያ ሲተኛም የሚያወልቅ አይመስለኝም። ለእሱ የአሜሪካ ውድድር በሙሉ "ክብ ላይ መዞር" ነው። እኔ ደግሞ ፎርሙላ ዋን በቴሌቪዥን ሳይ ከአሥረኛው ዙር በኋላ እንቅልፍ ይጥለኛል። ባለፈው ክረምት ቡና ላይ ስንጨቃጨቅ "እንግዲያው ሄደን እንየው" አልኩት። የዘንድሮው አንድ የግንቦት እሁድ ደግሞ ለእንዲህ ያለ ጭቅጭቅ የተሠራ ነው። ጠዋት የፎርሙላ ዋኑ ሞናኮ አለ፣ ቀን ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኢንዲ 500 የሚሉት የ500 ማይል ውድድር፣ ማታ ሻርሎት ላይ ኮካ ኮላ 600 የሚሉት የ600 ማይሉ። አንዱን በዓይናችን፣ ሁለቱን በስክሪን።

እንደደረስን ሆቴል ሳንገባ ወደ ሜዳው ሄድን። ሜዳ ስል ስታዲየም እንዳይመስላችሁ። ዙሪያው 4 ኪሎ ሜትር ነው። መሃሉ ለመግባት በመኪና ከትራኩ ሥር በዋሻ ታልፋላችሁ። ውስጡ ሙዚየም አለ፣ የጎልፍ መጫወቻ አለ፣ ክሊኒክ አለ። ማሙሽ ዞር ዞር ብሎ አየና "ጋሼ፣ ይሄ ክፍለ ከተማ ነው እንጂ" አለ።

ሙዚየሙ ታድሶ ከተከፈተ ሁለት ወር አልሞላውም። ብዙ የሚያብረቀርቅ ነገር አለ። እኔ ግን አንዲት ቢጫ መኪና ፊት ቆሜ ቀረሁ። በ1911 በእነሱ አቆጣጠር (የውድድሮቹን ዓመት ሁሉ በእነሱ ነው የምጽፈው) የመጀመሪያውን ኢንዲ 500 ያሸነፈችው ማርሞን ናት። ጭራዋ ስለሾለ ተርብ ይሏታል። ሾፌሩ ሬይ ሃሩን ይባላል። በዚያ ዘመን እያንዳንዱ መኪና ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው ይጭን ነበር። ዘይት የሚጠብቅ፣ ኋላ እያየ "መጣብህ" የሚል። እኛ በአጭሩ ረዳት የምንለው።

ሃሩን ብቻውን ልንዳ አለ። ሌሎቹ "ኋላውን ማን ሊያይለት ነው?" ብለው አቤቱታ አቀረቡ። እሱም ከፊቱ አራት ዘንግ አቁሞ መስታወት ሰቀለ። ስፖኪዮ ማለት ነው! እኔ በወጣትነቴ በጅቡቲ መስመር ረዳት ሆኜ ሠርቻለሁ። የረዳትን ሥራ አውቃታለሁ። ኋላ ማየት፣ ጎማ በብረት እየመቱ መፈተሽ፣ ሾፌሩ እንዳይተኛ ማውራት። አንዲት መስታወት እንጀራችንን እንደዘጋች ያወቅኩት ዛሬ ነው። ሃሩን 805 ኪሎ ሜትሩን የጨረሰው በ6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ነው። አሁን ሦስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ሆቴላችን ከከተማው በስተ ምዕራብ ነው። በዚያ በኩል የድራግ ውድድር የሚደረግበት ሌላ ሜዳ አለ። ባለፈው ሌበር ዴይ፣ የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን፣ ጭነት አራግፌ ብቻዬን ገብቼ ነበር። ድራግ ሁለት መኪና ጎን ለጎን፣ ቀጥ ያለ መንገድ፣ 305 ሜትር፣ አለቀ። አራት ሰከንድ አይሞላም። ትልልቆቹ በዚያች አጭር መንገድ በሰዓት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ይደርሳሉ። ነዳጃቸው ናይትሮሜቴን ነው፤ ጭሱ እንደ ሚጥሚጣ ዓይን ያስለቅሳል። መሬቱ ሲንቀጠቀጥ የሸሚዜ ቁልፍ ደረቴ ላይ ሲርገበገብ አይቻለሁ። ሲያልቅ ግን ምን እንዳየሁ ልነግራችሁ አልችልም። እንደ መብረቅ ነው። መብረቅን ደግሞ ቁጭ ብሎ የሚተርከው የለም።

ዓርብ፣ ግንቦት 15

የዛሬው ቀን ስሙ ካርብ ዴይ ነው። ካርብ ካርቡሬተር ነው። ድሮ ከውድድሩ በፊት ካርቡሬተር ለመጨረሻ ጊዜ የሚስተካከልበት ቀን ስለነበር ነው። ካርቡሬተር ከዚህ ሜዳ ከጠፋ 60 ዓመት አልፎታል፣ ስሙ ግን ቀረ። ሠንጋ ተራ ሠንጋ እንደሌለው ማለት ነው።

ሁለት ሰዓት የሚፈጅ የመጨረሻ ልምምድ ነበር። ከዋናው ቀጥታ መንገድ ፊት ለፊት ተቀመጥን። የመጀመሪያው መኪና ሲያልፍ ማሙሽ አንገቱን አዞረ። መኪናው ግን ቀድሞት ሄዷል። በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ እንዲህ ነው። ገና ሲመጣ ፉጨት ነገር ነው፤ ካለፈ በኋላ ነው ደረት ላይ የሚያርፈው። አጠገባችን የነበሩ ሽማግሌ ሳቁብን። "ፊት ለፊታችሁ ሲደርስ አትፈልጉት። ከሩቅ ያዙትና በዓይናችሁ አምጡት" አሉን። ከአምስት ስድስት ሙከራ በኋላ ተሳካልኝ። ያኔ ነው መኪናው መንሸራተት ሲፈልግ፣ ሾፌሩ ሲከለክለው የታየኝ።

ማሙሽ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ከዚያ "ቴሌቪዥን ይዋሻል" አለ። እውነቱን ነው። ካሜራው ከመኪናው ጋር አብሮ ስለሚዞር ፍጥነቱን ይበላዋል።

ከሰዓት የጎማ ቅየራ ውድድር ነበር። እዚህ ላይ እኔ ሕይወቴ ነው። ሁለት መኪና ጎን ለጎን መጥተው ይቆማሉ፣ ሠራተኞቹ ግንቡን ዘለው ይወጣሉ። ክሪክ የለም። መኪናው ራሱ ውስጡ የአየር ክሪክ አለው፤ ቱቦ ሲሰኩበት ብድግ ይላል። እያንዳንዱ ቸርኬ አንድ ብሎን ብቻ ነው ያለው። ዝዝዝ፣ ወጣ፣ ገባ፣ ዝዝዝ፣ መኪናው ዱብ፣ ሄደ። ሚሌ ላይ በሃምሳ ዲግሪ ፀሐይ ጎሚስታ ስንጠብቅ የዋልንበት ቀን ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ማሙሽ ወዲያው "የእኛዎቹ በሁለት ሰከንድ ነው የሚቀይሩት" አለ። "የእኛዎቹ" የሚለው ፌራሪን ነው። ልክ ነው፤ ፎርሙላ ዋን ላይ ግን ሃያ ያህል ሰው ነው መኪናውን የሚከበው፣ ነዳጅ መሙላትም ከ2010 ጀምሮ ክልክል ነው። እዚህ በዋናው ውድድር ስድስት ሰባት ሰው አራት ጎማ ይቀይራል፣ ነዳጅ ይሞላል፣ ሰባት ስምንት ሰከንድ ነው። ለእኔ የሚመስጠው የጥቂቶቹ ነው። ሃያ ሰው ካለማ ቤትም ይሠራል።

ማታ አንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ገባን። ዓርብ ነው፣ ግን ከፋሲካ በኋላ ያለው ሃምሳ ቀን ስላላለቀ ጾም የለም። ጥብስ አዘዝን። ባለቤቲቱ ለምን እንደመጣን ሲሰሙ "ወይ ጉድ፣ አሥራ አምስት ዓመት ስኖር አንድ ቀን ገብቼ አላየሁትም። ይሄ ሁሉ ሰው የሚዞረው ምን ጠፍቶበት ነው?" አሉ። ማሙሽ ጉርሻ አፉ ውስጥ እንዳለ "እኔም እኮ እሱን ነው የምለው!" አለ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 16

ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ሆቴል ውስጥ የሞናኮን የሰዓት ሙከራ፣ የነገው አሰላለፍ የሚወሰንበትን፣ አየን። ለማሙሽ ፍትሐዊ ልሁን። የሞናኮ ውበት ቅዳሜ ነው። መንገዱ 3.3 ኪሎ ሜትር የከተማ አስፋልት ነው፣ ግራና ቀኝ ብረት አጥር። ከ1929 ጀምሮ እዚያው ይወዳደራሉ። ሾፌሮቹ ጎማውን ከአጥሩ በጣት ስፋት ነው የሚያሳልፉት። ላንዶ ኖሪስ በ1 ደቂቃ ከ9.954 ሰከንድ ገብቶ አንደኛ ሆነ። ከመኪናው ላይ የተነሳውን ምስል ደግመው ሲያሳዩ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ትሬለር ይዤ ጠባብ ዶክ ውስጥ ወደኋላ ስገባ የሚሰማኝን ነገር አየሁበት፤ እኔ በእግር ፍጥነት፣ እሱ በ200 ኪሎ ሜትር።

ሃሚልተን አራተኛ ሆኖ፣ ለሌላ ሾፌር መንገድ ዘግተሃል ተብሎ ሦስት ቦታ ወደኋላ ተባለ። ማሙሽ ቁርሱን አልጨረሰም።

ቀን መሃል ከተማ ሰልፍ ነበረ፣ ሕዝብ በሕዝብ ነው፣ አልፈዋለሁ።

ማታ ወደ አንደርሰን ሄድን። ከኢንዲያናፖሊስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ነው። ሊትል 500 ይሉታል፣ ትንሹ አምስት መቶ። ከ1949 ጀምሮ አለ። እንደ ትልቁ 33 መኪና፣ በሦስት በሦስት ተሰልፎ ነው የሚነሳው። እንደ ትልቁ አምስት መቶ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ አምስት መቶው ማይል ሳይሆን ዙር መሆኑ ነው። ትራኩ ሩብ ማይል ነው፤ 400 ሜትር።

400 ሜትር! የሩጫ መም ማለት እኮ ነው። የአዲስ አበባ ስታዲየም መም ላይ 33 መኪና ለቀህ አምስት መቶ ዙር አዙራቸው እንደማለት ነው።

መኪናዎቹ ስፕሪንት ይባላሉ። ሞተሩ ከሾፌሩ ይበልጣል፣ ክንፍ የላቸውም፣ ማስነሻም የላቸውም። እንዴት ይነሳሉ? በግፊ ነዋ! ፒክአፕ መኪኖች ከኋላ መጥተው ግፍት እያደረጉ ያስነሷቸዋል። 33ቱም ተገፍተው ሲነሱ እንደ ሕፃን ነው የሳቅሁት። የአባቴ ጓደኛ አሮጌ ፊያት ስንት ጠዋት ገፍተናል መሰላችሁ። ማሙሽ መኪና ገፍቶ አያውቅም። የሚገርም ትውልድ ነው።

ከአጥሩ አምስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥን። ሚስቴ ለመንገድ ቆሎ በላስቲክ ቋጥራልኝ ነበር፣ ገብስና ሽምብራ፣ ከሱፍ ጋር። ከፍቼ ጭኔ ላይ አደረግሁት። አንድ ዙር አሥራ ምናምን ሰከንድ ነው። አንዱ ከሌላው ጎማ ለጎማ ተነካክቶ ያልፋል፤ ብልጭታው ይታያል። ከሁሉ የሚገርመው የሾፌሩ ክንድ መታየቱ ነው። ክርኑ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ መሪውን እንደ ሊጥ ያሻዋል። ፎርሙላ ዋን ላይ የራስ ቁር ጫፍ ብቻ ነው የምታየው። ኢንዲ ላይም ከ2020 ወዲህ በመስታወት ተሸፍኗል። እዚህ ግን ሰውዬው ሲደክመው በክንዱ ታውቃለህ። ሦስት መቶኛው ዙር ላይ አንዱ ቀጥታው ላይ በደረሰ ቁጥር ግራ እጁን ሲያራግፍ አየሁ። ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ስከታተል አመሸሁ። አሥራ ምናምነኛ ሆኖ ጨረሰ መሰለኝ፤ ቆሜ አጨበጨብኩለት።

ጎማው እየተፈገፈገ ጥቁር ፍርፋሪ ይበትናል። ፊታችን ላይ፣ ፀጉራችን ላይ፣ ኮፍያው ላይ። ማሙሽ ቀዩን ኮፍያ አወለቀና ጃኬቱ ውስጥ ደበቀው። እዚህ ጉዞ ላይ ሲያወልቀው ያየሁት ያኔ ነው።

ስንወጣ ያን የቆየ ክርክር አነሳሁበት። "ማሙሽ፣ ክብ ላይ መዞር ትላለህ። እኛ ምን ስናይ ነው ያደግነው? አሥር ሺህ ሜትር ሃያ አምስት ዙር አይደለም እንዴ? ሰፈር ሙሉ አንድ ቴሌቪዥን ከቦ!" ዝም አለ። "ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ያቺን የደቡብ አፍሪካ ልጅ ከኋላ ከኋላ ስትከተላት ማን ሰለቸው? ማን ጉልበት እንደቆጠበ፣ ማን እያስመሰለ እንደሆነ እያየን አልነበር?" እሱ በ1992 አልተወለደም። ግን ታሪኩን ያውቃል፤ ያልነገርነው ሐበሻ የለም። "እሱ ሰው ነው ጋሼ፣ ይሄ መኪና ነው" አለ። ነገ ታያለህ አልኩት። ነገ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም ነበር፤ አፌ ነው የቀደመኝ።

እሁድ፣ ግንቦት 17

ለሊት 10 ሰዓት ተነሳን። ዛሬ ወደ 350 ሺህ ሰው አንድ ቦታ ይገባል። የሜዳው ጎረቤቶች የቤታቸውን ሣር በመኪና ያከራያሉ። አንድ ጡረተኛ ግቢ ውስጥ፣ የጽጌረዳ መደባቸው አጠገብ አቆምን። 3 ሰዓት ላይ ሞናኮን በስልክ ልናይ ነበር ሐሳባችን። በዚያ ሕዝብ መሃል ኔትወርክ የት አባቱ! ምስሉ ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል። ማሙሽ ላብ በላብ ሆነ። ሰውዬው አይተውት "ጋራዡ ውስጥ ቴሌቪዥን አለ፣ ግቡ" አሉ። በሣር ማጨጃና በቀለም ቆርቆሮ መሃል ተቀምጠን ሞናኮን አየን።

ማሙሽ ይቅር ይበለኝ፣ ሰልፍ ነው። ሞናኮ ላይ መቅደም አይቻልም፤ መንገዱ አይበቃም። ዘንድሮ ነገሩ እንዲነቃቃ ብለው ሁሉም ቢያንስ ሁለቴ ጎማ ይቀይር የሚል ደንብ አወጡ። የሆነው ምን መሰላችሁ፦ አንዱ ሾፌር ሆን ብሎ ኋላው ያለውን ሰልፍ እያዘገመ፣ ፊት ያለው የቡድን ጓደኛው ጎማ ቀይሮ እንዲመለስ ክፍተት ይሠራለታል። ሜክሲኮ አደባባይ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ አንድ ታክሲ ሰው ለመጫን መንገድ ሲዘጋ አስቡት። ቨርስታፐን ደግሞ ምናልባት ግጭት ተፈጥሮ ውድድሩ ቢቋረጥ ብሎ የመጨረሻ ቅየራውን እስከ መጨረሻው ዙር አቆየው። ምንም አልተፈጠረም፣ አራተኛ ወጣ። ኖሪስ አሸነፈ፣ የሞናኮው ልጅ ሌክሌር ሁለተኛ፣ ሃሚልተን አምስተኛ። ማሙሽ ግን የሰለቸው አይመስልም። እሱ የሚያየው ሌላ ነገር ነው። በስልኩ ሰከንድ ይቆጥራል፣ የማን ጎማ ስንት ዙር እንደሄደ ያሰላል። ቼዝ እንደሚያይ ሰው ነው። ቼዝ ደግሞ የማይችል ሰው አጠገብ ተቀምጦ ቢያዛጋ ጥፋቱ የቼዙ አይደለም።

ማቀዝቀዣ ሳጥናችንን ይዘን ወደ ሜዳው ገባን። ኢንዲ ላይ ምግብና መጠጥ ይዞ መግባት ይፈቀዳል። የእኛው ውስጥ ቋንጣ ፍርፍር ነበር። ቦታችን ሦስተኛው መዞሪያ ላይ ነው። ከዚያ ሆኖ መነሻው አይታይም፣ መጨረሻው አይታይም። ትልልቅ ስክሪን አለ።

ቀኑ ብርድ አለው። ልክ ሊነሱ ሲሉ ካፊያ ጀመረ፣ ውድድሩ ከግማሽ ሰዓት በላይ ዘገየ። ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ሆነ። በጦርነት ለሞቱት መለከት ተነፋ። 350 ሺህ ሰው ጸጥ አለ። የሆነ ቦታ ሕፃን ሲያለቅስ ተሰማኝ። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከስቅለት ስግደት ውጭ የት እንደሰማሁ እንጃ።

ገና ጎማ እያሞቁ፣ አረንጓዴ ባንዲራ ሳይውለበለብ፣ ስኮት ማክላውሊን ከግንቡ ጋር ተጋጨ። ስንት ወር ለፍቶ አንድም ዙር ሳይወዳደር ቀረ። ስክሪኑ ላይ ሣሩ ላይ ተቀምጦ አየነው። ማሙሽ "እናቴ!" አለ። መጀመሪያ የተሰለፈው ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣው ሽዋርትስማን ነበር። እሱም ጎማ ሊቀይር ሲገባ ፍሬኑ ያዘና ተንሸራትቶ የራሱን ሠራተኞች ገጨ። ካይል ላርሰን ደግሞ ከዚህ ጨርሶ በአውሮፕላን ሻርሎት ሄዶ ማታ ሊደግም ነበር፤ ግማሽ ሳይደርስ ተጋጨ። አውሮፕላኑ ግን አልቀረበትም።

ከመቶኛው ዙር በኋላ ነገሩ ገባኝ። ፊት የሚሄደው መኪና ንፋሱን ብቻውን ይገፋል፣ ነዳጅ ይበላል። ኋላው የተለጠፈው በተከፈተው ቀዳዳ ይሄዳል። ይሄን ማንም ትራክ ሾፌር ያውቀዋል። ዋዮሚንግ ላይ ንፋስ ፊት ለፊት ሲመታኝ ከሌላ ትሬለር ኋላ ስሆን ነዳጁ እንዴት እንደሚቆጠብ አይቻለሁ። ስለዚህ እዚህ ሜዳ ላይ መሪ መሆን ጥሩ ነገር አይደለም። መሪ መሆን የሚጠቅመው መጨረሻ ላይ ብቻ ነው።

አሌክስ ፓሎ የሚባለው ስፔናዊ ሁለተኛ ሆኖ ተቀምጧል። ፊቱ ማርከስ ኤሪክሰን አለ። ዙሩ እየተቆጠረ ነው። 180፣ 183፣ 185። ፓሎ አይንቀሳቀስም። ማሙሽ "ለምን አያልፈውም?" ይለኛል። "ቆይ" እለዋለሁ። በ186ኛው ዙር ፊታችን ያለፈው ኤሪክሰን ነው። አርባ ሰከንድ ጠበቅን። በ187ኛው ዙር መጀመሪያ የመጣው ፓሎ ነው። የተላለፉት አንደኛው መዞሪያ ላይ ነው፤ እኛ አላየንም። የታየን ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ ሲመጣ ብቻ ነው። ማሙሽ ግን ዘሎ ተነሳ፣ የፍርፍሩ ሣህን ተደፋ። "ደራርቱ!" አለኝ። "ደራርቱ ነው የሠራው!"

ከዚያ በኋላ ፓሎ አልተያዘም። መጨረሻው ዙር ላይ ሌላ መኪና ተጋጭቶ ቢጫ መብራት፣ መቀዳደም ክልክል ማለት ነው፣ በራና በዚያው አለቀ። ለመጀመሪያ ጊዜ ስፔናዊ ኢንዲ 500 አሸነፈ።

አሸናፊ ወተት ይጠጣል። በ1936 ሉዊስ ሜየር ሦስተኛ ድሉን አግኝቶ አሬራ ጠጣ። ወተት አላልኩም፣ አሬራ! እናቱ በሙቀት ቀን አሬራ ይሻላል ብላ አስለምዳው ነው። የጉራጌ እናት ብትሆንም ከዚህ የተለየ አትመክረውም። በ1993 ፊቲፓልዲ በወተቱ ፈንታ መጀመሪያ ብርቱካን ጭማቂ ቢጠጣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ አልረሳለትም። ኢንዲያና ከወተት ጋር ቀልድ የለም።

ከሣሩ ግቢ ለመውጣት ሁለት ሰዓት ፈጀብን። ሆቴል ስንደርስ ኮካ ኮላ 600 ተጀምሯል። ናስካር ነው፤ መኪናው የመንገድ መኪና ይመስላል። ካምሪ፣ ሙስታንግ፣ ካማሮ፤ ግን ከመልኩ በቀር ምንም አይገናኝም። ስፖርቱ ከደቡቡ አረቄ አመላላሾች ጋር ነው ያደገው። ከፖሊስ ለማምለጥ ሞተር የሚያጠናክሩ ልጆች ነበሩ፤ በኋላ እርስ በርስ መፎካከር ጀመሩ። 600 ማይል፣ 965 ኪሎ ሜትር፣ 400 ዙር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ይደርሳል። በፀሐይ ተጀምሮ በሌሊት ያልቃል፤ አስፋልቱ ሲቀዘቅዝ የመኪናው ጠባይ ይለወጣል። ማታ ላይ መንገድ እንዴት እንደሚቀየር ለእኔ ማን ይነግረኛል?

ማሙሽ ግማሽ ሳይደርስ ኮፍያውን ፊቱ ላይ ጥሎ ተኛ። እኔ ነቅቼ ቀረሁ። ሁሉም ሰው የማይወደው እሱን ርዝመቱን ነው፣ እኔ ደግሞ እሱን ወደድኩ። ላርሰን እዚያም ግጭት ውስጥ ገባ። ዊሊያም ባይረን አብዛኛውን ዙር መራ። መጨረሻው ሲቃረብ፣ ስድስት ዙር ሲቀረው፣ ሮስ ቻስቴን አለፈው። ቻስቴን ቅዳሜ በልምምድ መኪናውን ሰባብሮ፣ በተጠባባቂ መኪና ከ40 ሰው መጨረሻ ነበር የተነሳው። ጮኬ ማሙሽን ቀሰቀስኩት። አንድ ዓይኑን ገልጦ "ሃሚልተን ነው?" አለኝ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

መንገዱ ጭር ብሏል፤ ሜሞሪያል ዴይ፣ በጦርነት የሞቱት የሚታሰቡበት በዓል ነው። ሪችመንድ ላይ ነዳጅ ቀዳን። አንድ ሲቪክ ማርመታውን ቆርጦ እየጮኸ በቀኝ በኩል አለፈን፣ መስመር ቀየረ፣ እንደገና ቀየረ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ መውጫው መብራት ላይ አጠገባችን ቆሞ አገኘነው።

ማሙሽ ከዴይተን ጀምሮ በስልኩ የሆነ ነገር ይፈልጋል። የኦስቲን የፎርሙላ ዋን ትኬት መስሎኝ ነበር። ለእሱ ስንት ወር ነው ሲያጠራቅም የኖረው። "ጋሼ፣ አንደርሰን ቀጣዩ መቼ ነው?" አለኝ። የሰማሁ አልመሰልኩም።

ቤት ስደርስ ሚስቴ ቡና አቀራርባ ጠበቀችን። የተረፈውን ቆሎ ከላስቲኩ ሣህን ላይ ገለበጠችው። አንዴ ዘገነችና አፏ ውስጥ ከተተች። ቆም አለች። ከአፏ አንዲት ጥቁር ነገር አወጣች፣ በጣቷ ጨመቀቻት፤ ሳብ ስትል ተለጠጠች።

"ይሄ ያረረው ምንድነው?" አለችኝ።

ማሙሽ ሣህኑን ወደ ራሱ ጎትቶ ሌሎቹን መልቀም ጀመረ። አንድ በአንድ፣ መሃረብ ላይ እያስቀመጠ።

"አትጣዪው እትዬ፣ እሱ የእኔ ነው" አላት።